የጡት ምርመራ ቀጠሮ እስኪደርስ፦ ወሎ ላለሽ ትራንስ ሴት፣ አብሮሽ የሚቆም ሰው ማግኛ መንገድ

ቡና እየቆላሁ ነበር። ምጣዱን ከከሰሉ ላይ ላወርድ ጎንበስ ስል ክንዴ ግራ ጡቴን ጫን አደረገውና ከሥሩ ሽንብራ የምታህል ጠጣር ነገር ተሰማችኝ። ከዚያች ጠዋት እስከ ምርመራው ቀን 41 ቀን ጠበቅኩ። ካንሰር አልነበረም፤ ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳታነቢ አስቀድሜ ነገርኩሽ። እንደኔ ስትወለጂ ወንድ ለተባልሽ ሴት የምጽፍልሽ ስለ 41ዱ ቀን ነው፤ ማን አብሮኝ እንደዋለና እንዴት እንዳገኘሁት።

መጀመሪያ ላይ ሁሉን የሚያውቅልኝና ሁሉን የሚረዳልኝ አንድ ሰው ስፈልግ ሁለት ሳምንት ባከነብኝ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ እንዲህ ያለ ሰው ካለሽ እሰየው። ለብዙዎቻችን ግን የለም። መላው የመጣልኝ በበዓል ሰሞን ከጎረቤት ቅርጫ ነው። በሬው ሲታረድ ሙሉውን የሚወስድ የለም፤ ሥጋው ይመደባል፣ ሁሉም የየራሱን መደብ ይዞ ይሄዳል። ጉዳዬን እንደዚያ መደብኩት። ለሐኪሙ የሐኪሙን፣ ለአክስቴ የአክስቴን፣ ለጓደኛዬ ሰፋ ያለውን። ከእነሱ መካከል ሙሉውን የያዘ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ተሸክሞልኛል።

1. መጀመሪያ ቀን አስቆርጪ

ቀጠሮ ሳይኖርሽ ሰው ዘንድ ብትሄጂ የምታወሪው ፍርሃት ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ፍርሃት ሲሰማ ይመክርሻል እንጂ አብሮሽ አይነሳም። «ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» ስትያት ግን እሺ ወይ እምቢ ማለት አለባት።

መንገዱ ይኼ ነው። በቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ካርድ አውጪ፣ ሪፈር አጽፊ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ለደሴ አካባቢ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ወደ ሰሜን ላለሽው የወልድያው። ሪፈሩን ዘለሽ በቀጥታ ከሄድሽ የጤና መድኑ ወጪሽን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንልሽ ይችላል። መድኑም የራሱ ጣጣ አለው፦ የሚወጣው በቤተሰብ ስለሆነ ደብተሩ አባትሽ ቤት ሣጥን ውስጥ ይሆናል። ተጣልተሽ የወጣሽበት ቤት ከሆነ ለደብተር ብለሽ ተመለሺ አልልሽም። አልትራሳውንዱን በግል ክሊኒክ ከፍለሽ ብታሠሪው ይሻላል።

ስትናገሪ አታድበስብሺ። «ትንሽ ይቆረቁረኛል» ያለ ሰው ቀጠሮው ይርቅበታል። መቼ እንደጀመረሽ፣ እያደገ መሆን አለመሆኑን፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆኑን፣ የጡትሽ ጫፍ ወደ ውስጥ መግባቱን ወይም ደም ማውጣቱን፣ ብብትሽ ሥር ሌላ እብጠት መኖሩን ዘርዝሪ። ጡቱ ቀልቶ የሚያቃጥልና ትኩሳት ያለው ከሆነ ግን ቀጠሮ የሚባል የለም፤ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሂጂ። የሴት ሆርሞን (ኤስትሮጅን) ከጀመርሽ ገና ወራት ከሆነ ከጫፉ ሥር የሚያመው ቁልፍ የመሰለ ነገር ጡቱ እያደገ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ነው። እንዲያም ሆኖ ራስሽ ፈርደሽ እንዳትቀሪ።

የሚደረግልሽ ሦስት ነገር ነው። ሐኪሙ ጡትሽንና ብብትሽን በእጁ ይመረምራል። ቀጥሎ ምስል ይነሳል፤ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ (የጡት ራጅ)። ካስፈለገ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ቀጭኑ መርፌ ደም እንደሚቀዳበት ያለ ነው። ወፍራሙ ግን ካደነዘዙሽ በኋላ ስቴፕለር ሲመታ የሚመስል ድምፅ አለው፤ ሳልዘጋጅ ሰምቼው ከአልጋው ልወድቅ ነበር። ለምርመራ የሚላከው አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር ሆኖ አይገኝም። ይህን ሌሊት ሌሊት ለራሴ ደጋግሜዋለሁ።

2. የሐኪሙ መደብ

ሐኪሙ የግድ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ሆርሞኑን። ለዓመታት ኤስትሮጅን ያገኘ ጡት ውስጡ እንደማንኛዋም ሴት ጡት ነው፤ ወተት ማመንጫውም ቱቦውም ያድጋል። ይህን ካላወቀ ምስሉንም ናሙናውንም በተሳሳተ ዓይን ሊያይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የሆላንድ ጥናት ሆርሞን የሚወስዱ 2,260 ትራንስ ሴቶችን አይቶ የጡት ካንሰር ያገኘው 15ቱ ላይ ነው። ከወንዶች ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲነጻጸር ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ «እኛን አይነካንም» ማለትም «ሆርሞኑ ጨረሰኝ» ማለትም ልክ አይደለም።

የምትዪው ይኼን ነው፦ «ለስድስት ዓመት ኤስትሮጅን ወስጃለሁ፣ መጠኑ ይህን ያህል ነው፣ አሁንም እወስዳለሁ።» በቃ። መናገር ካቃተሽ በወረቀት ጽፈሽ አቀብዪው፤ እኔ ያደረግኩት እንደዚያ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ለምን እንደወሰድሽ ከጠየቀሽና ፊቱ ካላማረሽ «ለምርመራው የሚያስፈልገው ይኼ ነው» በይው። ከማን ጋር እንደምትኖሪና ከማን ጋር እንደምትተኚ ለጡት ምርመራ አይጠየቅም። ሳይጠየቅም አትናገሪ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ግንኙነትን እንደሚቀጣ እናውቃለን። ያው ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስና ፋርማሲስት የሙያ ምስጢር እንዳያወጡ ይከለክላል። ወረቀት ላይ ያለው ግን ኮሪደሩ ላይ ያለውን አፍ አይዘጋም፤ ስለዚህ ከሚያስፈልገው አትለፊ።

በወንድነት የምትኖሪ ከሆነም አትሳቀቂ። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚ አንዱ ያህል ወንድ ነው። በመድኃኒት ምክንያት ጡቱ ያደገ ወንድም ለሐኪም እንግዳ አይደለም። «ጡቴ ላይ እብጠት አለ፣ ሆርሞን ያለው መድኃኒት ወስጃለሁ» ካልሽ ሥራው ይቀጥላል።

ከፋርማሲ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ገዝተሽ ስትወስጂ የኖርሽ ከሆነ የኪኒኑን ስም ንገሪው፤ ማሸጊያውን ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ የበለጠ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ደም የማርጋት አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለቀዶ ሕክምና የምትታሰቢ ከሆነ ይህ በጣም ያስፈልጋል። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ የጡቱን ቀጠሮ ተዪውና ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

በራስሽ ውሳኔ ሆርሞኑን ሁሉ አታቁሚ። እኔ በፍርሃት አቆምኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፌም ጠባዬም ተበላሽቶ ከሰው ሁሉ ተጣላሁ፣ የሚረዱኝንም ጨምሮ። ማቆም ካለበት ሐኪሙ ይበልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ተማሪ ያስተምራሉ። መጋረጃው ተገልጦ አምስት ነጭ ጋዋን ሊያይሽ ይችላል። «ተማሪዎቹ ይውጡልኝ» ማለት መብትሽ ነው። በትሕትና በይው፤ አብዛኛው ሐኪም እሺ ይላል።

3. የሰው መደብ

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

የሚያስፈልግሽ ሦስት ዓይነት ሰው ነው፦ አብሮሽ የሚሄድ፣ ገንዘብ ሲያጥርሽ የሚያበድርሽና ሌሊት የሚያናግርሽ። አንድ ሰው ሦስቱን ሊሆን አይችልም፤ ከጠበቅሽበትም ታጪዋለሽ።

አብሮሽ የሚሄደው አስታማሚ ነው። ሐኪም ቤት ያለ አስታማሚ መሄድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ወረፋ ስትይዢ ካርድ ክፍል ማን ይሂድ፣ ካርድ ክፍል ስትሄጂ ወረፋውን ማን ይያዝ? አስታማሚሽ ማንነትሽን ማወቅ የለበትም። የኔ አስታማሚ አክስቴ ነበረች፤ እሷ የምታውቀኝ የእህቷ ወንድ ልጅ አድርጋ ነው። ያልኳት ይኼን ብቻ ነው፦ «ደረቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ ለማክሰኞ ተቀጥሬያለሁ፣ ብቻዬን ፈራሁ።» ምንም አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን አስተካከለችና «አብሽር ልጄ፣ እኔ እያለሁ!» አለችኝ። አብሽር እንጂ አብሽሪ አላለችም። ሌላ ቀን ቢሆን ቃሉ ይወጋኝ ነበር። ያን ቀን ግን እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ቃሉን ትቼ እጇን ያዝኩ። ይህን የምነግርሽ ዝም ብለሽ ተቀበዪ ለማለት አይደለም፤ አንዳንዷ ይህን መቋቋም አትችልም፣ እሷ ሌላ ሰው ትፈልግ። ለእኔ ግን በዚያ ቀን በቂ ነበር።

ማን ይታመናል ብትዪ አንድ መፈተኛ አለኝ። ሰውየው የሌላ ሰው ገመና ይዞልሽ መጥቶ ያውቃል? ካመጣ ያንቺንም ይወስዳል። ደግነቱን አትዪ፤ ወሬኛ ደግ ሞልቷል። ዝምተኛ ጎረቤት፣ ስምሽን ብቻ የምታውቅ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ከደግ ወሬኛ ይሻላሉ።

ገንዘቡን በቁርጥራጭ ጠይቂ። «ታምሜያለሁ እርዱኝ» ካልሽ ዝርዝር ይጠየቃል። «የአልትራሳውንድ ጎደለኝ» ካልሽ የአልትራሳውንዱን ይሰጡሻል። ዕቁብ ካለሽ ሰብሳቢውን «ለሕክምና ነው» ብለሽ ዕጣውን እንዲያስቀድምልሽ ለምኚ፤ ወሎ ውስጥ ለሕክምና የተለመነ ዕጣ ብዙ ጊዜ አይከለከልም። ከምስሉ በተጨማሪ የናሙናው ምርመራ የራሱ ክፍያ እንዳለው አትርሺ፤ እኔ ረስቼው መሃል መንገድ ላይ ቀረሁ።

ሌሊት የሚያናግርሽ ሰው ሙሉውን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ሰፊው መደብ የእሱ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ሌላ ዜጋ (እንደ እኛ ያለ ሰው) ነው፣ ሌላ ከተማ ያለ፣ ምናልባት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር። የኔዋ ጓደኛ በስልክ አብራኝ ቡና ትጠጣ ነበር። እኔ እዚህ አቦሉን ስቀዳ እሷም እዚያ ትቀዳለች። በቶናው ስለ እብጠቱ እናወራለን፣ በረካው ላይ ስለ እሱ ማውራት ክልክል ነው፤ ፊልም፣ ሐሜት፣ የፈለግነው። ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ያለ ደንብ ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ስናኝክ እናድር ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ፍለጋ በኢንተርኔት ስትወጪ ግን ቀስ በይ። የእኛን ሰዎች ጉዳይ በግልጽ ይዞ የሚሠራ ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የሚባል የኢትዮጵያውያን ድርጅት አለ፤ ከማታውቂው የቴሌግራም ሰው ይልቅ ስሙ በአደባባይ ከታወቀ ድርጅት መጀመር ይሻላል። «ሐኪም ነኝ፣ የጡትሽን ፎቶ ላኪልኝ» የሚልሽን ወዲያው ዝጊው። ፎቶ አይቶ የጡት እብጠት የሚለይ ሐኪም የለም፤ ፎቶ ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ግን አለ። የምትጻጻፊውን በራሱ በሚጠፋ መልእክት አድርጊ። ስልክሽን ለአስታማሚሽ የምትሰጪበት ሰዓት ይመጣል፣ ራጅ ክፍል ስትገቢ ለምሳሌ። ከዚያ በፊት አጽጂው።

ሐሳብሽ ወደ መሞት ካዘነበለ፣ «ራሴን ባጠፋስ» የሚል ከመጣብሽ የቡና ወግ አይበቃም። የትኛውም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደሽ «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ» በይ። ምክንያቱን ሳትዘረዝሪ ይህ ብቻውን ለመታየት ይበቃል።

4. ጠበልና ዱዓ

ወሎ ነንና ይህ መምጣቱ አይቀርም። አንዷ ጠበል ትላለች፣ አንዷ ሸኾቹ ጋ ትላለች፣ ሁለቱንም የምትል አለች፣ ሁለቱንም የምታደርግ አለች። እኔም አልጠላሁም። የሰፈራችን ዱበርቲዎች ዱዓ ሲያደርጉ ቡናና ስኳር ልኬ «ለአንድ ታማሚ» አልኩ። ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ከመስኮቴ ሆኜ «አሚን» ሲሉ ሰማሁ፤ እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። እብጠቱን ላቃጥለው፣ ልብጣው፣ ቅጠል ልቀባው የሚልሽን ግን አትስሚ። የተበጣና የተቃጠለ ጡት ይቆስላል፣ ምስሉም ናሙናውም ይበላሻል።

5. የቀጠሮው ቀን

ስምሽ ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ ካርዱ ላይ ያለው፣ የመታወቂያው ስም፣ ከነአባትሽ። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሴቶች መሃል ቁጭ ብዬ የወንድ ስሜ ሲጠራ አግዳሚው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለመድኩ። በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ከተጠራሁ አንድ እርምጃ ነው፣ ማንም ፊቴን ሳያይ ገባሁ። ወይም አክስቴ «አቤት» ብላ ካርዱን ትቀበላለች፤ ያኔ ሰው የሚያየው እሷን ነው። ነርሷን ቀደም ብለሽ «ሲደርሰኝ በእጅ ጥሪኝ» ብትያትም ይሆናል።

ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሺ፤ ቀሚስ ከሆነ ሙሉ ማውለቅ ሊኖርብሽ ነው። ማሞግራፊ ካለሽ ዶድራንትና ቅባት አትቀቢ፤ ምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጡትሽን የምታሥሪበት ጨርቅ ካለ ቤት ተዪው። ነጠላ ያዢ። የደሴ ብርድ አንዱ ምክንያት ነው፤ ጡትሽ ተገልጦ ስትጠብቂ መሸፈኛ ማስፈለጉ ደግሞ ሌላው።

ናሙና ከተወሰደ ትንሿን ብልቃጥ አንቺው ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) እንድታደርሺ ሊሰጡሽ ይችላሉ። እኔ ተሰጥቶኛል። የጣት ጥፍር የማታህል ነጭ ክር ፎርማሊን ውስጥ ተንሳፋ፣ ባጃጅ ላይ በሁለት እጄ ይዣት ሄድኩ። ከመውጣትሽ በፊት ብልቃጡ ላይ ስምሽ፣ የካርድ ቁጥርሽና ግራ ወይም ቀኝ የሚለው መጻፉን እይ። አብሮ የሚሄደው ወረቀት ላይ ሆርሞን መውሰድሽ ይጻፍ፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ያለው ሰው አንቺን አያይሽም፣ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ክዳኑ ይጠበቅ፣ ፀሐይ አይምታው፣ ፍሪጅ ውስጥም አታስገቢው። ውሃም አልኮልም ጨምሪ ያለሽ ካለ እምቢ በይ።

ወረቀቶችሽን ሁሉ ኮፒ አድርገሽ ራስሽ ያዢ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ ያየ ሰው ለዚህ ምክር አያስፈልገውም።

6. ውጤቱ ሲመጣ

ናሙናውን ከሰጠሽበት ቀን ጀምሮ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ይህ ጥበቃ ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ምክንያቱም አስታማሚዎችሽ «ተመረመረች፣ አለቀ» ብለው ይበታተናሉ። ስለዚህ የውጤቱን ቀን እንደ ሌላ ቀጠሮ አድርገሽ እንደገና መድቢ፦ ማን አብሮሽ ይሄዳል፣ ማታ ማን ይደውላል።

ካንሰር ነው ከተባለ ዕጢው ኤስትሮጅን የሚቀበል መሆን አለመሆኑ ይመረመራል፤ የሚቀበል ከሆነ ሆርሞኑን አቁሚ መባልሽ አይቀርም። ይህ ብቻውን ሁለተኛ ሐዘን ነው፣ ለአክስትሽ የማይነገር። ሌሊት የምታናግርሽ ጓደኛሽ ይህን አስቀድማ ትወቀው፤ ያን ቀን ማስረዳት አትችዪም።

ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ከተጻፈልሽ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጨረር ሕክምና ደግሞ ለሳምንታት ስለሚመላለስ ማረፊያ ትፈልጊያለሽ። ልጁን በደም ካንሰር ያጣ አባት የመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታማሚዎችን ይረዳል። የሆስፒታል ወረቀትሽን ይዘሽ ከመሳፈርሽ በፊት ደውዪ። የጋራ ማረፊያ ወንድና ሴት ለይቶ እንደሚያስተኛ አትርሺ፤ የት እንደምትተኚ ደሴ ሳለሽ ካልቆረጥሽ መነኻሪያ ላይ በሻንጣ ቆመሽ ነው የምትወስኚው።

ካንሰር አይደለም ከተባልሽ ደግሞ ወረቀቱን ከመዝጋትሽ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂው፦ እብጠቱ ምን እንደሆነና መቼ ተመልሰሽ እንደምትታዪ። እኔ ደስ ብሎኝ ሁለቱንም ሳልጠይቅ ሮጥኩ። አክስቴ ናት የመለሰችኝ፣ እጄን ይዛ፣ «ዶክተር፣ መቼ ይመለስ?» እያለች። ስድስት ወር ተባልኩ።